ወጣት ተለዋዋጭ ከዋክብትና የረጨታችን ቅርጽ



ከቤቱ ደጃፍ ሳይወጣ የከተማውን ካርታ እንዲነድፍ የታዘዘ ሰው የሚገጥመው ችግር ፍኖተ ሐሊብ የተባለውን ረጨታችንን በሚያጠኑ ሊቃውንት ላይም ደርሷል። የምንኖረው በውስጡ ነውና ከውጭ ሆነን ልናየው አንችልም። የአንድን ኮከብ አቅጣጫ ማወቅ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ርቀቱ ነው። ዛሬ የምናገረው ይህንኑ ርቀት ስለሚያስታውቁን፣ ሴፊድ ስለሚባሉት ተለዋዋጭ ከዋክብት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴፊድ በየጊዜው የሚያብጥና የሚኮማተር ኮከብ ነው። ከገጹ በታች ያለው የሂሊየም ንብርብር ሲጨመቅ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፤ የታፈነውም ኃይል ኮከቡን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ንብርብሩ ሰፍቶ ሲቀዘቅዝ ሙቀቱ ያመልጣል፤ ኮከቡም ተመልሶ ይኮማተራል። ኤድዋርድ ፒጎት በ1784 መለዋወጡን የደረሱበት ኤታ አኩዊላ ዑደቱ 7 ቀን ከ4 ሰዓት ገደማ ነው። በመስከረም ምሽት ከአናታችን ብዙም ሳይርቅ ስለሚያልፍ፣ በየምሽቱ ከጎረቤት ከዋክብት ጋር እያነጻጸረ የሚመዘግብ ትጉህ ተማሪ ያለ አንዳች መሣሪያ ዑደቱን ሊያገኘው ይችላል።

በ1912 የሃርቫርዷ ሄንሪየታ ሊቪት በትንሹ የማጄላን ደመና የሚገኙ 25 ተለዋዋጭ ከዋክብትን መርምረው ዑደቱ የረዘመ ኮከብ ብርሃኑም የበለጠ መሆኑን አስታወቁ። ዑደቱ የኮከቡን እውነተኛ ድምቀት ከነገረን፣ ለዓይናችን ከሚታየው ድምቀት ጋር አስተያይተን ርቀቱን እናሰላለን።

ይሁን እንጂ መስፈሪያው የሚታመነው የሚሰፈረው ነገር በትክክል ሲታወቅ ነው። ሃርሎ ሻፕሌይ በ1918 ፀሐይ በረጨቱ መካከል አለመሆኗን በማሳየታቸው ታላቅ ውለታ ውለዋል። ዳሩ ግን ያረጁትን ተለዋዋጭ ከዋክብት ከወጣቶቹ ጋር በአንድነት ስለ ሰፈሩ፣ ብናኝ የሚጋርደውንም ብርሃን ስላላሰቡ፣ ለረጨቱ 300,000 የብርሃን ዓመት ስፋት ሰጡት። ዛሬ የከዋክብቱ ዲስክ 100,000 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ሁለቱ ወገኖች የተለያዩ መሆናቸውን ዋልተር ባዴ በ1952 እስኪያስታውቁ ድረስ ብዙ ዓመታት አለፉ።

ወጣትነታቸው ለካርታ ሥራ ዋነኛው ጥቅም ነው። አብዛኞቹ ሴፊዶች ዕድሜያቸው ከ400 ሚሊዮን ዓመት በታች ነው፤ ፀሐይ ግን የረጨቱን ማዕከል አንድ ጊዜ ለመዞር ብቻ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ስለዚህ ከተወለዱበት ዲስክ ርቀው ለመበተን ጊዜ አላገኙም።

በ1992 ሥራ የጀመረው የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ የሰማይ ቅኝት በቺሊ፣ ላስ ካምፓናስ ላይ ባለው 1.3 ሜትር ቴሌስኮፕ ለዓመታት ያንኑ ሰማይ ደጋግሞ አነሣ። በእኔ አስተያየት፣ ከመሣሪያው ግዝፈት ይልቅ ይህ ትዕግሥት ይደነቃል። በ2019 የቅኝቱ ሊቃውንት የ2,431 ሴፊዶችን ካርታ አወጡ፤ ርቀቱንም ያሰሉት ብናኝ እምብዛም በማይጋርደው የታሕተ ቀይ ጨረር ነው። ዲስኩም ዝርግ ሆኖ አልተገኘም። ርሶ እንደ ደረቀ ሰፌድ በአንድ ወገን ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ታች ተጣሟል። (ሴፊዶች ሰፌድ ሠሩ ብንል ቃሉ ራሱ ይፈቅድልናል።) የሃይድሮጂን ጋዙ መጣመም በሬዲዮ ምርምር ከ1950ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ አዲሱ ነገር ከዋክብቱ በየግላቸው በተሰላ ርቀት ይህንኑ መመስከራቸው ነው። መንሥኤው የአጎራባች ትናንሽ ረጨቶች ስበት ይሁን ሌላ፣ ክርክሩ አልተዘጋም።

ስለ ጠመዝማዛ ክንዶቹ ግን ጥንቃቄ እመክራለሁ። ተቀራራቢ ዕድሜ ያላቸው ሴፊዶች በካርታው ላይ በቡድን ተሰባስበው መታየታቸው በአንድ ክንድ ውስጥ አብረው መወለዳቸውን ያመለክታል። ሆኖም ከማዕከሉ ወዲያ ማዶ ብናኙ ወፍራም፣ የተቆጠሩትም ከዋክብት ጥቂት ናቸው። በዚያ በኩል ሙሉ ክንድ ስሎ የሚያሳየን ሥዕል ሲያጋጥመን፣ ስንት ኮከብ ላይ እንደቆመ ብንጠይቅ ተገቢ ይመስለኛል።