ከጭላዳዎቹ ጋር ምሳ

እሱ፦ ቅዳሜ ልጆች ይዘሽ ደብረ ሊባኖስ ወርደሽ ነበር አሉ።

እሷ፦ የእኔን ሁለቱን፣ የእህቴን ሦስቱን። ትልቁ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። ከፖርቹጋል ድልድይ አለፍ ብለን ሣሩ ላይ ምሳ ዘርግተን፣ ዳቦ ልቆርስ ጎንበስ ስል ልጆቹ ድንገት ጸጥ አሉ። ቀና ብዬ ሳይ ከገደሉ አፋፍ ጭላዳዎች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ።

እሱ፦ በስመአብ! ምን አደረግሽ?

እሷ፦ ልጆቹን ጉያዬ ሰብስቤ ዳቦውን ዘንቢሉ ውስጥ ከተትኩት። ሰው የሚዳፈሩት ምግብ ሲያዩ ነዋ።

እሱ፦ በተፈጥሯቸውማ ዋና ምግባቸው ሣር ነው።

እሷ፦ አንዱ ወንድ፣ ያ ረጅም ጋማው በነፋስ እየተበተነ፣ ደረቱ ላይ ቀዩ ምልክት፣ ፊታችን ቁጢጥ ብሎ በጣቶቹ ሣር ይነጫል፤ ችኮላ የለበትም። «ከኢትዮጵያ በቀር የትም ዱር አይገኙም» ብዬ ስንሾካሾክ ትንሿ «የእኛ ናቸው?» አለችኝ። እንባዬ መጣ።

እሱ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ሙዝና ብስኩት የሚወረውሩላቸው ሰዎች ናቸው። ነገ ያው ጭላዳ የሌላ ልጅ እጅ ላይ ይመጣል። ከነከሰ ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ በውሻ ብቻ አይመጣም።

እሷ፦ ማታ ገደሉ ላይ ነው የሚያድሩት ስላቸው፣ ልጆቹ ሲተኙ ካላየን ብለው አለቀሱብኝ።