ጉልቻ ቢለዋወጥ ምን ይጠቅማል?

(ለጎልማሶች ትምህርት ተከታታዮች የተደረገ ንግግር)



ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል ከቃል ገጥማችሁ፣ ይኸው ረዘም ያለ ጽሑፍ ለማንበብ በቅታችኋል። እንኳን ደስ ያላችሁ! እኛ ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ዘማቾች ዛሬ የምንነግራችሁ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በየቤታችሁ በየቀኑ ስለሚነደው እሳት ነው። በእንጨት ማብሰል ይሻላል ወይስ በጋዝ? ይህን አብረን እንመርምር።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ሲባል ሰምታችኋል። እውነት ነው። ወጥ የሚጣፍጠው በቅመሙና በባለሙያዋ እጅ ነው። ዳሩ ግን ተረቱ የሚናገረው ስለ ወጡ እንጂ ስለ ሠሪዋ አይደለም። ጉልቻ ሲለወጥ የእናት ዓይን ከጭስ ያርፋል። የሕፃን ሳንባ ይተርፋል። የእንጨት ክምር ቶሎ አያልቅም። እንግዲህ የዛሬው ነገራችን ይኸ ነው።

ጋዝ ስንል ምን ማለታችን ነው?

መጀመሪያ በቃሉ እንስማማ። ጋዝ ስንል ኩራዝ ውስጥ የሚጨመረውን ላምባ ማለታችን አይደለም። በብረት ሲሊንደር ታምቆ የሚሸጠውን ነው። ከተሜው ቡታጋዝ ይለዋል። ሲሊንደሩ ውስጥ ታምቆ ሳለ ፈሳሽ ነው። ሲወጣ ግን እንደ አየር ይሆናል። በቱቦ ወደ ምድጃው ይሄዳል፤ ክብሪት ሲነካው በሰማያዊ ነበልባል ይነዳል።

ጋዝ ብዙ መልካም ነገር አለው። ወዲያው ይቀጣጠላል። በደንብ ሲነድ ጭሱ ከቁጥር አይገባም። ድስት አያጠቁርም። እሳቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ በእጅ ነው። ፍርግርግ ብረት አድርጎ ሥጋ ለመጥበስም ፍም እስኪወርድ መጠበቅ የለም።

ችግርም አለው። ጋዝ ወደ አገራችን የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ነው። ስለዚህ ውድ ነው፤ አንዳንዴም ከገበያ ይጠፋል። ድግስ መሐል ሲሊንደሩ ቢያልቅ ከጎረቤት አይበደሩትም። ደግሞ ተራው የጋዝ ምድጃ አፉ ጠባብ ነው። ለድስትና ለጀበና ይበቃል፤ ለእንጀራ ምጣድ ግን አይመችም። ምጣድ ሰፊ ነው፣ እሳት ከዳር እስከ ዳር እኩል ይፈልጋል። መሐሉ እያረረ ዳሩ ሊጥ ቢሆን ምን እንጀራ ይባላል?

እንጨትስ?

የሠርግ፣ የተዝካር ወይም የማኅበር ድግስ ሲሆን ትልቁ ድስት የሚጣደው ከደጅ ነው። ይህ ልማድ ጥበብ አለው። ጭሱን ነፋስ ይወስደዋል፤ ሠሪዎቹም አይታፈኑም።

ስለ ጣዕምም እውነቱን እንናገር። ሥጋ በፍም ላይ ሲጠበስ ስቡ እየቀለጠ ይንጠባጠባል፤ የሚነሳው ጭስ ሥጋውን ያጥነዋል። በጋዝም ቢሆን ስቡ ይንጠባጠባል፣ የእንጨቱ መዓዛ ግን የለም። የወተት ዕቃና የጠላ ጋን በወይራ የሚታጠነውም ለዚሁ መዓዛ ነው። ጋዝ ጋን አያጥንም። እንግዲህ ለጣዕም ከሆነ እንጨት ይረታል፤ ለፍጥነትና ለንጽሕና ከሆነ ጋዝ ይረታል።

የእንጨት ትልቁ ችግር እንጨቱ ራሱ ሳይሆን አነዳደዱ ነው። ሦስት ጉልቻ ጎኑ ክፍት ነው። ነፋስ በመጣበት በኩል ሙቀቱ ይሸሻል። አሥር ፍልጥ ቢነድ ለድስቱ የሚደርሰው የአንዱ ወይም የሁለቱ ሙቀት ቢሆን ነው። የቀረው አየሩን አሙቆ ይሄዳል። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። እሳቱ ወጡን ትቶ በመጀመሪያ የእንጨቱን ውኃ ያፈላል። እየጨሰ የሚያስነባን እሱ ነው።

«እንጨትስ በነፃ ነው» የሚል አለ

ኧረ በነፃ አይደለም! እንጨት ለቅማ በጀርባዋ ተሸክማ የምትመጣው ልጅ ያን ሰዓት ከትምህርቷ ቀንሳ ነው። ያ ዋጋ ነው።

በብርም ቢሆን ዋጋ አለው። የአዊን ምድር እንይ። በፋግታ ለኮማ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ብዙ ገበሬ በእርሻው ላይ ዲከረንስ ይተክላል። ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር ነው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሐል እህል ይዘራል። ከዚያ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል። ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉም በመኪና እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። ይህ ለብዙ ቤት ቆርቆሮ ሆኗል፣ ለልጆች ደብተር ሆኗል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዛፉን በሽታ መትቶት ገበሬውን ጎድቶታል። እንዲህ ከሆነ አንዲት ፍልጥም በከንቱ መንደድ የለባትም። በጉልቻው ጎን የሚያመልጠው ሙቀት ከኪስ የሚያመልጥ ብር ነው።

እንጨት ሲያልቅ ከተማም ይናወጣል። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው ደን ተመናምኖ ነበር። አፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ መቀመጫቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማይቱን በቦታዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ ከውጭ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው።

ጭሱ ማንን ይጎዳል?

ጭስ ዓይን አስለቅሶ ብቻ የሚሄድ እንዳይመስላችሁ። ደቃቁ ጥላሸት ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በትንንሽ ልጆች ላይ የሳንባ ምች ያመጣል። በትልልቆች ላይ የማይለቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ሕመምም ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከነዚህ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

ማጀት ገብቶ ጭሱን የሚውጠው ማነው? እናት ናት። በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም አብሯት ይተነፍሳል። አባወራው ደጅ ሆኖ «እራት አልደረሰም ወይ?» ይላል። ስለዚህ ይህ ንግግር ለሴቶች ብቻ አይደለም። ወንዶችም በደንብ ስሙን።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. እንጨቱን ቀደም ብለን ፈልጠን ከዝናብ እናስጠልለው። ለክረምት የሚሆነውን በበጋ እናድርቅ።

2. እሳቱን እንክበበው። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ምርጥ ምድጃ የሚባል የእንጀራ ምድጃ ተሠራጭቷል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የተሠራ ነው። ምጣዱ በላዩ ይቀመጣል፤ እንጨቱ በጠባብ በር ይገባል፤ ትርፉ ሙቀት ከኋላ ድስት ያሞቃል። በደንብ ከተያዘ የእንጨቱን ወጪ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። እሱ ካልተገኘም ጉልቻውን በጭቃ መክበብ ከክፍት ጉልቻ ይሻላል።

3. ማጀቱ መስኮት ወይም ጭስ ማውጫ ይኑረው። ሲመች ከደጅ ዳስ ሥር እናብስል።

4. ለድግስ ከደጅ ስናነድ ከሣር ክዳንና ከእህል ክምር እንራቅ። ውኃና አፈር በአጠገብ ይኑር። ልጆች ወደ ድስቱ አይጠጉ። እሳት አልያዝ ካለ ላምባ አንድፋበት፤ ነበልባሉ ተመልሶ የደፋውን ሰው ያቃጥላል።

5. እንጅባራ ብርዷ ከባድ ነው። ቢሆንም ከሰል አቀጣጥለን በር ዘግተን አንተኛ። ከከሰል የሚወጣው መርዝ አይታይም፣ አይሸትም። ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል።

6. ጋዝ የገዛ ሰው ሲሊንደሩን ያቁመው እንጂ አያጋድመው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ማፈትለኩ እንዲታወቅም የሚከረፋ ሽታ ተጨምሮበታል። ሽታው ከመጣ በርና መስኮት ይከፈት፣ ሲሊንደሩ ይዘጋ። ክብሪት አይጫር፣ መብራት አይብራ፣ አይጥፋ። ቱቦው የሚያፈተልክ መሆኑ የሚፈተነው በሳሙና አረፋ ነው፤ በክብሪት የሚፈትን ቤቱን ያቃጥላል።

7. የእንጨት አመድ አይጣል። የአዊ መሬት ብዙው አሲዳማ ነው። አመድ በጓሮ ሲበተን አሲዱን ይቀንሳል። ይህን ደግሞ ጋዝ አይሰጥም።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ ከእንጨትና ከጋዝ አንዱን መርጠን ሌላውን አንኮንንም። የጋዝ አቅም ያለው ለወጥና ለቡና በጋዝ ይጠቀም፤ ሥርዓቱን ግን ይወቅ። ለእንጀራና ለድግስ እንጨት የሚያነድ ደረቁን ይምረጥ፣ እሳቱን ይክበብ፣ ጭሱን ያስወጣ። ጋዝ እስኪደርሰን ብለን ጭስ እየዋጥን መኖር የለብንም። ጭቃው በእጃችን ነው፤ እንጨት ማድረቅም ገንዘብ አይጠይቅም። በሚቀጥለው እሑድ አባወራው እጅጌውን ሰብስቦ ከባለቤቱ ጋር ጉልቻውን ይክበብ። ወጡ እንደ ድሮው ይጣፍጣል። የሠራችው እናት ግን ሳታስል፣ ዓይኗን ሳታሽ አብራን ትበላለች።

ካነበባችሁ በኋላ ተወያዩ

— በቤታችሁ በሳምንት ስንት ሸክም እንጨት ይነዳል? ማን ያመጣዋል?

— ለእንጀራ ጋዝ የማይመቸው ለምንድን ነው?

— የጋዝ ሽታ ቢሸታችሁ በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?

— «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» በሚለው ተረት ትስማማላችሁ? ምክንያታችሁን በሦስት መስመር ጻፉ።