የሞተርን ሙቀት ስለምትለካ ትንሽ ዕቃ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ እንድናገር በታዘዝኩ ጊዜ ስለ ታላላቅ ሰዎች ወይም ስለ ከተማችን ታሪክ የምናገር የመሰላችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት ከአውራ ጣቴ ብዙም የማትበልጥ አንዲት የናስ ዕቃ ነው። ይህች ዕቃ ባለፈው ክረምት ቤታችንን ለሁለት ወር ያህል አስጨንቃዋለችና ታሪኳን ብነግራችሁ ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

አባቴ ከማራኪ ወደ ፒያሳ፥ ከፒያሳም ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሰው በማመላለስ የሚያስተዳድረን ሰው ነው። መኪናው ቶዮታ ኮሮላ ስትሆን ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። ሐምሌ እንደገባ ይህች መኪና ቤንዚን ትጨርስ ጀመር። ቀድሞ ለሁለት ቀን የሚበቃት አሁን አንድ ቀን ተኩል አልደርስ አለ። ከጭስ ማውጫዋ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ካንዴላዎቹም ሲፈቱ ጥላሸት ለብሰው ተገኙ። ከሁሉ የከፋው ግን አባቴ መንገደኛ አውርዶ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ እንደገና ላስነሣ ሲል እንቢ ማለቷ ነበር። ሞተሪኖው ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። ተሳፋሪውም ሌላ መኪና ይዞ ይሄዳል።

ወደ ጋራዥ ተወሰደች። የቤንዚን ፓምፑ ነው ተባለና ተለወጠ። ለውጥ ስላልተገኘ የቤንዚን መርጫዎቹ ይታጠቡ ተባለ፤ ታጠቡ። የሁለት ሳምንት ገቢያችን በዚህ አለቀ፤ ጭሱ ግን እንደ ነበረ ነው። መካኒኩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ገመተ እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ አልለካም። በዚያው ሰሞን አባቴ መኪናዋን ስለ መሸጥ ከእናቴ ጋር ሲመክር ሰማሁ። ሸጦ ሌላ መግዛት ደግሞ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ ያለውን መኪና አስታሞ መያዝ ለብዙ ቤተ ሰብ ግድ ሆኗል። ታላቅ እኅቴም ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ሻንጣ እያዘጋጀች ነበር።

በዚህ ጊዜ ከፊዚክስ መምህራችን የተማርኩት ነገር ትዝ አለኝ። ብዙው ብረት ሲሞቅ ኤሌክትሪክን የመቋቋም ኃይሉ ይጨምራል። አንዳንድ ነገር ግን በተቃራኒው ሲሞቅ መቋቋሙ ይቀንሳል፤ ይህንንም ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1833 በብርና በድኝ ውሁድ ላይ ተመልክቶታል። በመኪና ሞተር ላይ ያለችው የሙቀት ሴንሰር የምትሠራው በዚሁ ጠባይ ነው። ጫፏ በሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይኖራል። በብዙ የቶዮታ መኪናዎች መቋቋሟ በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ2000 እስከ 3000 ኦም፥ በ80 ዲግሪ ግን ከ200 እስከ 400 ኦም ያህል ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ይህን አይቶ ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ቤንዚን ያበዛል፥ ከሞቀ ይቀንሳል።

ይህን ለአባቴ ባስረዳው ሣቀብኝ። እርሱ መንዳት የተማረው በካርቡሬተር ዘመን ነው፤ በዚያን ጊዜ ሹፌር ሞተሩን በጆሮው እየሰማ ያስተካክል ነበር። በጣልያን ወረራ ጊዜ በተሠራው በሊማሊሞ መንገድ ወደ ደባርቅ ሲወጣ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ቤንዚኑ ይበዛና መኪናው ይጨስ እንደ ነበር አጫወተኝ። (ካንዴላ፥ ሞተሪኖ፥ ኮፈን የምንላቸውም ቃላት ከጣልያንኛ የተወረሱ መሆናቸውን ልብ ይሏል።) «አባዬ፥ ዛሬ ያንን ጆሮ የተካው ሴንሰር ነው፤ ጆሮው ከደነቆረስ?» አልኩት። እንግዲያው ሞክር አለኝ።

ከጎረቤታችን ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቴስተር ተዋስኩ። መጀመሪያ የሴንሰሯን መሰኪያ ነቅዬ ዝገት እንዳለበት አየሁ፤ ንጹሕ ነበር። ይህን ማየት ገንዘብ አያስከፍልምና አትዝለሉት። ከዚያም ሞተሩ በደንብ ሞቆ እንደ ጠፋ በሁለቱ ጫፎቿ ላይ ለካሁ። 300 ኦም ገደማ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ 1100 አሳየኝ። ይህ የ40 ዲግሪ ሙቀት ልክ ነው። ሞተሩ እንደ ምድጃ እየነደደ እርሷ «ገና ለብ እያለ ነው» ትላለች፤ ኮምፒውተሩም አምኗት ቤንዚን ያፈስሳል።

ታዲያ መብራት ለምን አልበራም ትሉኝ ይሆናል። ሽቦዋ ፈጽሞ ቢበጠስ ኖሮ ኮምፒውተሩ ያውቅባትና ቢጫውን የሞተር መብራት ያበራ ነበር። የእኛዋ ግን በሸንጎ እንደሚቆም ብልኅ የሐሰት ምስክር ሊታመን የሚችል ቃል ትሰጥ ነበር። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት መርፌም ደኅና ነው የሚለው በእኛ መኪና ላይ እርሱ የራሱ ሌላ ሴንሰር ስላለው ነው። ይህን ሁለትነት ባለማወቄ ተቀጣሁ፤ ከመለዋወጫ ሱቅ ገዝቼ የመጣሁት ባለ አንድ ሽቦውን፥ የመርፌውን ሴንሰር ነበር። ባለ ሱቁም አልመልስም አለኝ። በሁለተኛው ጊዜ አሮጌዋን ፈትቼ በእጄ ይዤ ሄድኩ።

ስለ መፍታቱ ጥቂት ልናገር፤ አደጋ ያለበት እዚህ ላይ ነውና። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ይደር። የጋለ ራዲያቶር ውሃው በግፊት የታፈነ ስለሆነ ክዳኑ ሲከፈት ፈልቶ ፊትና እጅ ያቃጥላል፤ በዚህ የተጎዳ ሹፌር አይቻለሁ። ጠዋት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ፤ ከራዲያቶሩ ሥር ሁለት ሊትር ያህል ውሃ በንጹሕ ዕቃ አወረድኩ። ይህ ፈሳሽ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ከሕፃንና ከውሻ መራቅ አለበት። ሴንሰሯ ከሞተሩ ወደ ራዲያቶር ከሚሄደው የላይኛው ጎማ አጠገብ ናት። መሰኪያው ሲነቀል ሽቦውን መጎተት አይገባም፤ ያረጀ ፕላስቲክ እንደ ብስኩት ይሰበራል። በ19 ቁጥር ቁልፍ ተፈታች።

አዲሷን ከማሰሬ በፊት ሁለቱንም በፈላ ውሃ ልፈትን ፈለግሁ። እናቴ ጀበናዋን ከለከለችኝና በቆርቆሮ ጣሳ አፈላሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ ከፍ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ገደማ ነው፤ ደባርቅ ላይ ደግሞ በ91 ገደማ። ስለዚህ መጽሐፍ ላይ ያለውን የ100 ዲግሪ ቁጥር የሚጠብቅ ሰው ደኅናውን ዕቃ ተበላሸ ብሎ ሊጥል ይችላል። ጫፋቸውን ብቻ ነከርኩ፤ አዲሷ ወደ 200 ኦም ስትወርድ አሮጌዋ ከ1000 በታች አልወርድም አለች።

አዲሷን ከነአዲስ ማሸጊያዋ መጀመሪያ በጣቴ አዞርኩ፥ ከዚያ በቁልፍ በልክ አጠበቅሁ። ማቀፊያው አሉሚኒየም ነውና ጉልበት የሚያሳይ ሰው ጥርሱን ይበላዋል። የወረደውን ፈሳሽ መለስኩ፤ የጎደለውንም በኩላንት እንጂ በቧንቧ ውሃ አልሞላሁም። ክዳኑ እንደ ተከፈተ ሞተሩን አስነሥቼ የአየር አረፋው እስኪያልቅ ጠበቅሁና ዘጋሁት። ሥራው ሁሉ ከአንድ ሰዓት አልበለጠም።

አባቴ ያን ዕለት አዘዞ ደርሶ ሞተሩን አጥፍቶ እንደገና አስነሣው፤ አንዴ እንደ ነካው ተነሣ። ማታ ሲገባ ስለ ሴንሰሯ ምንም አልተናገረም፤ የመኪናዋን ቁልፍ ብቻ አቀበለኝና «ዘይቷንም እይልኝ» አለኝ። እኅቴ በመስከረም ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ሄዳለች፤ መኪናዋም ዛሬ በግቢያችን በር ላይ ቆማለች።

አሮጌዋ ሴንሰር ይህችውና። ከበዓሉ በኋላ በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ከቴስተርና ከፈላ ውሃ ጋር ትቀርባለችና መጥታችሁ ለኩ። በስሕተት የገዛኋት ባለ አንድ ሽቦዋም ከጎኗ አለች፤ ከወላጆች መካከል ለኮሮላው የምታስፈልገው ቢገኝ በርካሽ እሸጣለሁ።