ስለ ኮምቢያችን የፍሬን ቱቦና መብራት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከጽሕፈት ቤቱ የቀረበ ንግግር)



 ዛሬ የምንናገረው ስለ መዋጮ አይደለም፤ አትሥጉ።

ብዙዎቻችሁ ያኮረፋችሁበትን ጉዳይ ሳንዞር እናነሣለን። የማኅበሩ ኮምቢ ከቆመ ሦስት ሳምንት ሆነው። በዚህ መካከል ሁለት ለቅሶ ደረሰብን፤ ድንኳኑና ወንበሩ በጋሪ ተጓጓዘ። አንዲት እኅታችንም ምጥ ይዟት ወደ ኦቶና ሆስፒታል በባጃጅ ነው የሄደችው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ተገላገለች። «መኪናው ሞተሩ ይነሣል፣ ይሄዳል፤ ታዲያ ለምን አስራችሁ አስቀመጣችሁት?» የሚል ጥያቄ በየቡና ቤቱ እንደሚነሣ ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ይኸው።

ሾፌራችን ፔዳሉን ሲረግጥ ከቀን ወደ ቀን ወደ ታች እየጠለቀ ሄደበት። የፍሬን ዘይቱም በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሥር ተገብቶ ሲታይ ከፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ እግሮች የሚሄደው ቀጭን የብረት ቱቦ፣ ከወለሉ ጋር በማሰሪያ በተያዘበት ቦታ ዝጎ እንደ ላብ ያንጠባጥባል። የሶዶን ቀይ ጭቃ ታውቁታላችሁ። ከማሰሪያው ሥር ገብቶ ይቀመጣል፤ ክረምቱን ሙሉ አይደርቅም፤ ቀለሙን አንሥቶ ብረቱን ይበላዋል። ከላይ ሲታይ ግን ቱቦው ደህና ነው፤ ማሰሪያው ካልተፈታ አይታወቅም።

አንድ መካኒክ ጠርተን ነበር። ያቀረበልን ሐሳብ ቱቦውን አጥፎ በመዶሻ መድፈን ነው። «የፊቱ ፍሬን ይበቃችኋል፤ በግማሽ ሰዓት እጨርሳለሁ» አለን። ዋጋውም ርካሽ ነበር። ኮሚቴው ተነጋግሮ እንቢ አለ። ለምን እንቢ እንዳለ ነው ዛሬ የምናስረዳው፤ ምክንያቱም ይህ አጥፎ የመድፈን ነገር በከተማችን በሌሎች አሮጌ መኪናዎች ላይም የሚሠራ ሥራ ነው።

በቱቦው ውስጥ ያለው ዘይት ሲጫኑት አይጨማደድም፤ ስለዚህ የእግርን ኃይል እስከ ጎማው ያደርሳል። የኛ ኮምቢ የፍሬን ማስተሩ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ። አንደኛው ቢበጠስ በሌላኛው መንገድ ዳር እንድንቆም ነው የተሠራው እንጂ ዓመት ሙሉ እንድንነዳበት አይደለም። ሞተሩ ደግሞ ከኋላ ነው። ሰውና የድንኳን ብረት ሲጨመርበት ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ነው። በእርጥብ አስፋልት የፊቱ ብቻ ሲይዝ ጎማው ይቆለፋል፤ የተቆለፈ የፊት ጎማ ደግሞ መሪ ቢያዞሩለት አይሰማም። በሌሎች ሚኒባሶች ላይ አንዱን እግር ብቻ የሚዘጉም አሉ። ያኔ መኪናው ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ ሾፌሩም «ለምጄዋለሁ» ይላል። ሌላ ሾፌር የያዘው ቀንስ?

ሌላም አለ። ሶዶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ናት፤ የአባያ ሐይቅ ዳርቻ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር ነው። በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መኪና ያንን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ከያዘው ፍሬኑ ይግላል። አዲስ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም። ነገር ግን ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ውሃ ሲገባበት መፍያው ወደ 140 ይወርዳል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ይጨማደዳል፤ ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል፤ መኪናው አይቆምም። የአራቱን እግር ሥራ ሁለቱ ብቻ ሲሸከሙት ይህ ቶሎ ይመጣል። ስለዚህ ዘይቱን ቢያንስ በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር፣ ቁልቁለትም በከባድ ማርሽ መውረድ ነው። የሞተር ዘይት የሚጨምር ሰውም አይተናል! ያ በውስጡ ያለውን ጎማ ሁሉ አሳብጦ ያበላሻል።

እንግዲህ የተሠራው ሥራ ይህ ነው። አሮጌው ቱቦ ወጥቶ 4.75 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አዲስ የፍሬን ቱቦ ገባ። የማቀዝቀዣ መዳብ ይግባ ያሉን ነበሩ፤ አልተቀበልንም፤ መዳብ ብቻውን በመንቀጥቀጥ ይሰነጠቃል። መበየድም እንደዚሁ የተከለከለ ነው። ብዙ ቀን የፈጀው የጫፉ ነገር ነው። የቱቦው ጫፍ በልዩ መሣሪያ ይሰፋል፤ የቮልስዋገን አሰፋፍና የቶዮታ አሰፋፍ ግን አንድ አይደለም። ብሎናቸው ጥርሱ ተመሳሳይ ስለሆነ አንዱ በሌላው ይገባል፤ የገጠመም ይመስላል፤ በኃይል ሲረገጥ ግን ያፈሳል። ከሶዶ የተገኘው ለቶዮታ የሚሆን ነበር። ትክክለኛው መሣሪያ ከአዋሳ እስኪመጣ ጠበቅን። ይኸው ነው የሦስት ሳምንቱ ምሥጢር።

በእግሮቹ ላይ ያሉት የጎማ ቱቦዎችም ስንጥቅጥቅ ስላሉ አራቱም ተቀየሩ። ከዚያ አየር ማውጣት ነው። አንድ ሰው ፔዳል ይረግጣል፤ ሌላው ከሥር ሆኖ ማውጫውን ይፈታል፤ ፔዳሉ ሳይነሣ መልሶ ያጠብቃል። የሚጀመረው ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ከቀኙ የኋላ እግር ነው፤ ከዚያ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ዕቃው ዘይት እንዳያልቅበት አንድ ልጅ መቆም አለበት፤ ካለቀ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ነው። የሠፈራችን ወጣቶች ይህን በደንብ ሠርተዋል፤ እናመሰግናቸዋለን።

ወደ መብራቱ እንምጣ። ይህ ኮምቢ እንደምታውቁት በፊት የፈረንጅ ቤተሰብ መኪና ነበር፤ ከኋላው አልጋ፣ ትንሽ ምድጃና ማቀዝቀዣ ሳጥን ነበረው። ለእኛ ከመሸጡ በፊት አልጋው ወጥቶ ወንበር ገባ፤ የምድጃ ቤቱ ሽቦ ግን ከጣውላው ጀርባ እንደ ተንጠለጠለ ቀርቷል። ከባትሪ ኤሌክትሪክ ይመጣበታል፤ ጫፉም አልተሸፈነም። ሌሊት ሌሊት ባትሪ የሚጨርሰው እሱ ነው፤ ከብረት ጋር ቢነካካ ደግሞ እሳት ነው። አሁን ተነቅሎ ወጥቷል።

የኋላ መብራቱስ? ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው አብሮ ይጨፍር ነበር። ይህ የአምፖል በሽታ አይደለም፤ ማሳ የሚሉት፣ ወደ መኪናው አካል የሚታሰረው ሽቦ ዝጎ ነው። ለመመርመር ገንዘብ አይጠይቅም። ከባትሪው ኔጋቲቭ አንድ ረጅም ሽቦ ወስዶ የመብራቱን ብረት መንካት ነው። መብራቱ ከደመቀ ጥፋቱ ማሳው ላይ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ፣ አጥብቆ አስሮ፣ ግሪስ መቀባት ይበቃል።

ፊውዝ ሲቃጠል የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የሚጠቀልሉ ሰዎች አሉ። የኮምቢው ፊውዝ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው። ፊውዙ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ በወረቀት ከታሰረ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል። መብራት እንዲደምቅ ብሎ 100 ዋት አምፖል መትከልም እንደዚሁ ነው። የተለመደው 60 ዋት በ12 ቮልት 5 አምፔር ይወስዳል፤ 100 ዋቱ ከ8 በላይ። አሮጌ ሽቦና አሮጌ ማብሪያ ይህን አይችልም፤ ይቀልጣል። አጭሩን መብራት ለማስተካከል መኪናውን ከግድግዳ 10 ሜትር አርቆ ሜዳ ላይ ማቆም ነው፤ የብርሃኑ ጫፍ ከመብራቱ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት። ከዚያ ከፍ ካለ ፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል።

ቦሎ ለመለጠፍ ምርመራ ሲደርስ የኋላ መብራት ከጎረቤት ተውሶ፣ ሲመለስ ነቅሎ የሚመልስ ሰው በሠፈራችን አለ። ስሙን አንጠራም፤ እየሳቀ ነው። ነገር ግን በማታ መንገዳችን ላይ ከብት አለ፣ ጋሪ አለ፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው አለ፣ የተበላሸ አይሱዙ መብራት ሳይኖረው ቆሟል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ለመደንገጥ ብቻ አንድ ሰከንድ ይሄዳል።

«አሮጌ ነው፣ ሸጠን ሌላ እንግዛ» ያላችሁም አላችሁ። የዚህ ሞዴል ሥራ በጀርመን አገር የቆመው በፈረንጆች 1979 ነው፤ አሮጌነቱን አንክድም። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አክብዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው የማይቀመስ ሆኗል። ለጊዜው ያለን ይኸው ኮምቢ ነው። ጊፋታም እየመጣ ነው፤ ከአዲስ አበባም ከአዋሳም ልጆቻችን ይገባሉ፤ ከመናኸሪያ በማታ የሚያመጣቸው እሱ ነው።

ኮምቢው ቅዳሜ ጠዋት ባዶውን ሜዳ ላይ ይሞከራል። ከዚያ እስከ ሁምቦ ጠበላ ወርዶ ይመለሳል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማሰሪያዎቹን ፈትተን ቱቦውን በነጭ ጨርቅ እንጠርጋለን፤ ጨርቁ ደረቅ ከሆነ ሰኞ ሥራ ይጀምራል፤ ከረጠበ ግን አሁንም ይቆማል። የራሱን መኪና በዚያው ቀን ማሳየት የሚፈልግ አባል ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ግቢው ድረስ ያምጣ፤ የፍሬን ዘይትና አምፖል ግን የራሱን ይዞ ይምጣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ