ድርሻህ ተቀምጧል
(በሬዲዮ ከቀረበ ስብከት የተዘጋጀ)

የንባብ ክፍል፦ ኢዮብ 1፥4-5፤ 42፥10-12



ጳጉሜን ላይ ነን። ቆቦ ገበያ የወጣችሁ ዶሮው ስንት እንደገባ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ልጃገረዶቻችን ሶለልን ተጫውተው ከገቡ ብዙም አልቆየ፤ እንቁጣጣሽ ደጅ ላይ ነው። ዛሬ ስለ በዓል ገበታ ልናገር ነው። «ፓስተር፣ ስለ ወጥ ደግሞ ይሰበካል እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ይሰበካል! መጀመሪያ ግን ንስሐዬን ስሙ።

የ2013 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ አዲስ አበባ ነበርኩ። እናቴ ከቆቦ ደወለችና «ልጄ፣ ትመጣለህ ወይ? አባትህ እየጠየቀ ነው» አለችኝ። እኔም «እማዬ፣ አገልግሎት አለብኝ፤ ለገና እመጣለሁ» አልኳት። እውነቱን ልናገር? አገልግሎቱስ ነበረ፤ ያስቀረኝ ግን እሱ አይደለም። ወንጌልን ከተቀበልኩ ጀምሮ ከአባቴ ጋር ገበታ ላይ እንከራከራለን። እሱ ይቆጣል፣ እኔ ጥቅስ እደረድራለሁ። ሽሽቴን «አገልግሎት» ብዬ ሰየምኩት። ለገናም አልሄድኩም፤ ለፋሲካም አልሄድኩም።

በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ አዲስ ዓመት ሊገባ 2 ቀን ሲቀረው፣ በቆቦ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በስንቱ ቤት እንቁጣጣሽ በአደይ አበባ ሳይሆን በለቅሶ ገባ።

መንገዱ ሲከፈት መጣሁ። አባቴ በሕመም አርፎ ተቀብሮ ነበር። እናቴ አለች፣ መሶቡ አለ፣ የአባቴ መቀመጫ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። በዚያ በቀረሁበት በዓል የዶሮዋን 12 ብልት ስታወጣ የእኔን ለይታ፣ ከእንቁላሉ ጋር ለብቻ አድርጋ፣ «ምናልባት ከመጣ» ብላ 3 ቀን አስቀምጣዋለች። አባቴም «ድርሻውን እንዳትነኩ» ይል ነበር አሉ። ያ የሚቆጣኝ አባቴ! ወገኖቼ፣ ክርክሩን እኔ አሸንፌ ነበር። ምን አተረፍኩ?

እስኪ ኢዮብን እንየው። ልጆቹ በየተራ በየቤታቸው ግብዣ ያደርጉ ነበር፤ ሦስቱን እኅቶቻቸውንም ይጠሩ ነበር። ኢዮብ ግብዣውን አልከለከለም። የግብዣው ቀን ሲያልቅ ማልዶ ተነሥቶ ስለ እያንዳንዳቸው መሥዋዕት ያቀርብ ነበር። ከዚያ ያ ክፉ ቀን መጣ፤ በታላቅ ወንድማቸው ቤት ሲበሉ ቤቱ ወደቀባቸው። ኢዮብ ብዙ አለቀሰ፣ ብዙ ጠየቀ። «ለልጆቼ ሳልጸልይላቸው ቀረሁ» የሚል ጸጸት ግን ከአፉ አልወጣም።

መጨረሻውንስ አያችሁት? እግዚአብሔር የኢዮብን ምርኮ ሲመልስ ወንድሞቹና እኅቶቹ፣ የቀድሞ ወዳጆቹም መጡ፤ በቤቱ ከእርሱ ጋር እንጀራ በሉ፣ አጽናኑትም። ይህ የተጻፈው የግመሉና የበሬው ቁጥር ከመጻፉ በፊት ነው። ብዙ ላጣን ለእኛ ይህ ትልቅ ቃል ነው። ከብቱ ገና አልተመለሰ ይሆናል፤ እንጀራውን አብረን መብላት ግን ዛሬ እንችላለን።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የተኳረፋችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። እኅታችሁ ሳዑዲ ከሆነች፣ ገበታው ሲቀርብ ደውሉላት፤ የምትልከውን ብር ብቻ ሳይሆን ድምፅዋንም ናፍቁ። ዶሮ መግዛት ያቃታችሁ አትሸማቀቁ፤ ጥል ካለበት ቤት ድግስ ይልቅ በሰላም የተበላ ደረቅ ቁራሽ እንደሚሻል ምሳሌ 17፥1 ያስተምረናል። ቡናውን አፍሉ፣ ሙስሊም ጎረቤታችሁንም ጥሩ፤ የኖርንበት ወግ ነው። ወንዶች ደግሞ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ያመሸችውን እናት አስቀምጧትና አስቀድማችሁ አጉርሷት። ሁልጊዜ እሷ እኮ ናት መጨረሻ የምትበላው!

ወላጆችህ ወንጌልን ገና አልተቀበሉም? ሂድ እንጂ! ጉልበታቸውን ስመህ ተመረቅ። እምነትህን አትደብቅ፤ ግን ገበታውን የክርክር አደባባይ አታድርገው። እንደ ኢዮብ ማልደህ በስማቸው እየጠራህ ጸልይላቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጌታ ኢየሱስም በደጅ ቆሞ ያንኳኳል፤ ለከፈተለት ገብቶ አብሮት እራት ይበላል (ራእይ 3፥20)። ከእርሱ የራቅህ ወንድሜ፣ የራቅሽ እኅቴ፣ የእናቴ ወጥ የጠበቀኝ 3 ቀን ነው፤ ጌታ ግን ዕድሜህን ሙሉ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ታግሦ ጠብቋል። ነገ አትበሉ። እኔ «ለገና» ብዬ ነበር።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ ባዶ መቀመጫ ያለበትን ቤት አጽናና። የተለያየነውን ወደ አንድ መሶብ መልሰን። ልቤን ከፍቼልሃለሁ፤ ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ግባ። አሜን።

መልካም አዲስ ዓመት። ጌታ ይባርካችሁ።