ከጠርሙስ ማዮኔዝ ወደ አሬራ፦ የጥቅል ጎመን ሰላጣችን አሠራርና የዋጋ ስሌት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናቀርበው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ስለ ጥቅል ጎመን ሰላጣ ነው፤ በርገርና የተጠበሰ ዶሮ አጠገብ ስለሚቀርበው፣ ወጣቶቻችን «ኮልስሎ» ስለሚሉት። ነገር ግን የምግብ ዝግጅት ቡድናችን ከተዘዋዋሪ ብድሩ ወስዶ ከሚያወጣው ገንዘብ ውስጥ ለጠርሙስ ማዮኔዝ የሚሄደው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ማዮኔዙን መግዛታችንን እንቀጥል ወይስ ማዋሐጃውን ራሳችን እንሥራ የሚል ነው። መልሳችን እንሥራው ነው። ነገር ግን በሁለት ነገር እንጠንቀቅ፤ አንደኛው የሰው ጤና፣ ሁለተኛው የራሳችን ጉልበት ዋጋ።

በመጀመሪያ ምግቡ ከየት እንደመጣ ጥቂት እንበል። ኮልስሎ የሚለው ቃል ከሆላንድኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የጎመን ሰላጣ ማለት ነው። ከዶሮ ጥብስ ጋር በዓለም እንዲታወቅ ካደረጉት አንዱ የአሜሪካው ኬንታኪ ፍራይድ ቺክን ነው። የድርጅቱ መሥራች ሃርላንድ ሳንደርስ የመጀመሪያውን የንግድ ፈቃድ በዩታ ግዛት ለሚገኝ ምግብ ቤት የሰጠው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛም አገር በ2010 ዓ.ም. ፒዛ ሃት አዲስ አበባ ላይ ከተከፈተ ወዲህ ፈጣን ምግብ የሚባለው ነገር እየተለመደ ነው። ቆቦ ደግሞ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አልፎ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። መንገደኛውም ተማሪውም ያንን ጣዕም ይጠይቀናል።

ያ ጣዕም ምንድን ነው? የድርጅቱን ሰላጣ በቤታቸው ለመሥራት የሞከሩ ባለሙያዎች ብዙ ዓይነት አሠራር ጽፈዋል። ብዙዎቹ የሚስማሙበት ግን ጎመኑ በጣም ደቅቆ መከተፉ፣ ጣፋጭነቱና ኮምጣጣነቱ እኩል መሄዳቸው፣ ከማዮኔዙ ጋር ደግሞ ቅቤ የወጣለት ወተት መግባቱ ነው። እናቶቼ፣ ቅቤ የወጣለት ወተት ማለት እኮ አሬራ ነው! የራያ ቆላ ሴት ስትንጥ የኖረችው አሬራ። ፈረንጅ በጠርሙስ የሚሸጠው ጣዕም ግማሹ በእኛ ቅል ውስጥ ነበር ማለት ነው።

የቀረውም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ጥቅል ጎመኑና ካሮቱ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ እርሻ፣ በጎሊናና በሆርማት አካባቢ ይመረታል። ሎሚና እንቁላል ገበያ ላይ አለ። ሰናፍጭ የጾም ገበታችን ነው። ከሩቅ የሚመጣው ስኳር፣ ዘይትና አቼቶ ብቻ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢያችን ሲደርስ መንገድ ሲዘጋ ሸቀጥ እንዴት እንደሚጠፋ ሁላችን አይተናል። ሥራችን ቅርብ በሚገኝ ነገር ላይ ቢቆም ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ማዮኔዝ በመሠረቱ ዘይት፣ የእንቁላል አስኳልና ኮምጣጣ ነገር ነው። ዘይትና አቼቶ በባሕርያቸው አይዋሐዱም፤ አስኳሉ ነው አስታርቆ የሚይዛቸው፤ ሰናፍጩም ያግዘዋል። ችግሩ በቤት የሚሠራ ማዮኔዝ በጥሬ እንቁላል መሠራቱ ነው። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የሚባል የሆድ በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል። ፋብሪካዎች እንቁላሉን በሙቀት አክመው ነው የሚጠቀሙት። እኛ ያ መሣሪያ የለንም፤ አገራችን ሞቃት ነው፤ መብራትም ይጠፋል። ስለዚህ ቡድናችን የመረጠው የሚበስል ማዋሐጃ ነው።

ለአንድ ኪሎ የተከተፈ ጥቅል ጎመንና ለአንድ መካከለኛ ካሮት የሚሆነው ይህ ነው።

አሬራ 300 ሚሊ ሊትር፤ እንቁላል 2፤ የስንዴ ዱቄት 2 የሾርባ ማንኪያ፤ ስኳር 5 የሾርባ ማንኪያ፤ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤ የሰናፍጭ ዱቄት ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤ አቼቶ 3 የሾርባ ማንኪያ፤ የሎሚ ጭማቂ 1 የሾርባ ማንኪያ፤ ዘይት 3 የሾርባ ማንኪያ።

ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ጨውንና ሰናፍጩን በደረቁ እንቀላቅላለን። እንቁላሉን መትተን እንጨምርበትና እብጠት እስኪጠፋ እናሸዋለን። ቀጥሎ አሬራውን በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰስን እንበጠብጣለን። ይህን የያዘውን ድስት ውሃ በሚፈላበት ሌላ ድስት ላይ አስቀምጠን፣ ሳናቋርጥ እናማስላለን። ወፍሮ የማንኪያውን ጀርባ ሲሸፍንና እንፋሎቱ ሲወጣ በስሏል።

እዚህ ላይ አንዲት እናት «አሬራ እሳት ሲነካው አይብ ይሆን የለም ወይ?» ብላ ብትጠይቅ ልክ ናት። ብቻውን ቢሞቅ አይብ ይሆናል። እንዳይቆራረጥ የሚይዘው ዱቄቱ ነው፤ ስለዚህ ዱቄቱን መቀነስ አይቻልም። አቼቶውና ሎሚው መጨረሻ ላይ የሚገቡትም ለዚሁ ነው፤ ድስቱ ከወረደ በኋላ እነሱንና ዘይቱን እየመታን እንጨምራለን። አሬራውን ማብሰላችን ሌላም ጥቅም አለው። ካልፈላ ወተት የተናጠ አሬራ የከብት በሽታ ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል፤ እሳቱ ከዚያም ይጠብቀናል።

ጎመኑን በተመለከተ፣ የላይኛው ቅጠል ይነሳል፤ የቀረው በታከመ ንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ በጣም ደቅቆ ይከተፋል፤ ካሮቱ በመፈቅፈቂያ ይፈቀፈቃል። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ነስንሰን ግማሽ ሰዓት እናቆየዋለን። ጨው የጎመኑን ውሃ ስቦ ያወጣል። ያንን ውሃ ጨምቀን ካላፈሰስን ከማዋሐጃው ጋር ተደባልቆ ሰላጣውን ሾርባ ያደርገዋል። «አንቺ ጨው ለራስሽ ስትይ ጣፍጪ» ይባላል፤ እዚህ ጨው ከመጣፈጥ ሌላ ሥራም አለው። ማዋሐጃው ውስጥ ጨው ያሳነስነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለጾም ቀን ደግሞ ሱፍ አለን። ለረቡዕ፣ ለዓርብና ለዐቢይ ጾም ሰላጣው ከገበታ መውጣት የለበትም። 200 ግራም ሱፍ ለብ አድርጎ ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ በ400 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ በጥብጦ በወንፊት ማጥለል ነው። የሚወጣው ነጭ ውሃ በአሬራው ፋንታ ይገባል። እንቁላል ስለሌለው ዱቄቱ 3 ማንኪያ ይሁን፤ ሰናፍጩ በእጥፍ ይጨመር። ስልጆ የምታውቅ ሴት ይህን ለመልመድ ጊዜ አይፈጅባትም። ይህኛው ለጿሚውም ለማይጾመውም ይሆናል፤ ሙስሊም እህቶቻችንም ወደውታል።

ስለ አያያዝ ሦስት ደንብ እናስቀምጥ። አንደኛ፣ ማዋሐጃውና ጎመኑ ለየብቻ ይቀመጡ፤ የሚዋሐዱት ደንበኛ ሲያዝ ነው። ሁለተኛ፣ የተዋሐደ ሰላጣ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። ሦስተኛ፣ ማዋሐጃው ማቀዝቀዣ ውስጥም ቢሆን ከሦስት ቀን አይለፍ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ የተሠራበት ቀን ይጻፍ። ሰርግ ቤት አንድ ሰው ቢታመም የሚጠፋው የዚያ ቀን ሽያጭ ብቻ አይደለም፤ የማኅበሩ ስም ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። የገበያ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ዛሬ ቋሚ ዋጋ አንናገርም። የምንናገረው ስሌቱን ነው፤ የምንጠቀምባቸውም ቁጥሮች ለመማሪያ ብቻ የመረጥናቸው ናቸው።

አንድ ኪሎ ተኩል ጎመን በኪሎ 20 ብር ገዛን እንበል፤ 30 ብር ነው። ቅጠሉና አንኳሩ ሲነሳ አንድ ኪሎ ቀረ። ስለዚህ ሳህን ላይ የሚወጣው ጎመን ኪሎው 20 ብር አይደለም፤ 30 ብር ነው። የምንጥለው ቅጠልም ተገዝቷል። ከሰሉም፣ የታከመው ውሃም፣ የመያዣ ዕቃውም እንደዚሁ ይጻፉ።

ትልቁ ግን ጉልበት ነው። ሁለት ሴቶች አራት አራት ሰዓት ሠርተው 40 ሳህን አወጡ እንበል። ስምንት ሰዓት ነው። ሰዓቱን በ30 ብር ብናስበው 240 ብር፣ በአንድ ሳህን 6 ብር ይሆናል። ይህን መዝገብ ላይ ካልጻፍነው 6 ብሯ ትርፍ ትመስላለች። በሳምንት አምስት ቀን ሲሠራ 1200 ብር «ትርፍ» ይሆንና ለአባላት ይከፋፈላል። ግን ትርፍ አይደለም፤ ጎመን ስትከትፍ የዋለችው እህታችን ደመወዝ ነው። ከቤት የመጣ አሬራም ነፃ አይደለም፤ ላሟን የቀለበች፣ ያለበች፣ የናጠች ሴት አለች። በቤታችን ሥራችን ሳይቆጠር ኖሯል፤ በራሳችን ማኅበር መዝገብ ግን ሳይቆጠር እንዳያልፍ።

እንዲህ ሁሉም ተጽፎ፣ በዚያው ሳምንት የጠርሙስ ማዮኔዝ ዋጋ ጎን ለጎን ይቀመጥ። የሁለቱ ልዩነት እውነተኛው ጥቅማችን እሱ ነው። አንዳንድ ሳምንት ስኳርና ዘይት ሲወደድ ልዩነቱ ይጠብባል፤ መዝገቡ ያንን በጊዜ ይነግረናል።

ለአጋሮቻችን አንድ ቃል አለን። ድጋፍ ስታስቡልን በቅድሚያ ሚዛን፣ ጥሩ መፈቅፈቂያና የምግብ ሙቀት መለኪያ ብትሉ ደስ ይለናል። መብራት ቢጠፋም እነዚህ አይቆሙም። ማቀዝቀዣው ከእነሱ በኋላ ይምጣ።

ስለዚህ ጉባኤው ሦስት ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የምግብ ዝግጅት ቡድኑ የዋጋ ቅጽ የጉልበት ዋጋ የሚጻፍበት መስመር እንዲኖረው፣ ክፍያውም ከትርፍ ክፍፍል በፊት እንዲፈጸም። ሁለተኛ፣ የአያያዝ ደንቦቹ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፉና የቁጥጥር ኮሚቴው በየሳምንቱ እንዲያይ። ሦስተኛ፣ ጎመን በሚበዛበት ወቅት አርሶ አደሩ ዋጋ ወድቆበት ከሚጥለው፣ እኛም በሚጠፋበት ወቅት በውድ ከምንገዛው፣ መስኖ ካላቸው አባሎቻችን ቤተሰቦች ጋር አስቀድመን በዋጋ እንድንዋዋል።

ቅጹ ተዘጋጅቷል፤ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ እናቶች በሥዕል የተሠራም አለ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁን።