የእንቁላል ቅርፊት ጥቅም በቤትና በጓሮ



ዛሬ የምንናገረው ስለ ትንሽ ነገር ነው። እንቁላል ተሰብሮ ቅርፊቱ ወደ ጉድፍ ሲጣል በየቤቱ እናያለን። ይህ ደግሞ ምን ወግ ሆኖ በዕድር ስብሰባ ይነገራል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን ወርሐዊ መዋጯቸውን ከእንቁላል ሽያጭ የሚከፍሉ እናቶች ስንት ናቸው? ቅርፊቱ ሳስቶ እንቁላሉ ገበያ ሳይደርስ በእንቅብ ውስጥ ከተሰነጠቀ መዋጮውም አብሮ ተሰነጠቀ።

ቅርፊቱ ከመቶው 95 እጅ ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለው ነው፤ ለእርሻ ከሚፈጨው የኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዘር ነው። ዶሮዋ ይህንን ከምትበላው ካላገኘች ከገዛ አጥንቷ ታወጣለች፤ በዚህም ስትደክም ቅርፊቱ ይሳሳል፥ እንቁላሉም ይቀንሳል። በጓሮ ስትጭር የምትውለዋ የሆነውን ያህል ትለቅማለች፤ ተዘግታ እህል ብቻ የምትበላዋ ናት የምትቸገረው።

ስለዚህ ቅርፊቱ መጀመሪያ የዶሮዋ ነው። ታጥቦ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይቀቀላል፤ ጥሬው በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላልና ይህን ማለፍ አይገባም። ከዚያ በፀሐይ ወይም በምጣድ ይደርቅና በሙቀጫ ይወቀጣል። ደህና አድርጎ መውቀጥ ነው እንጂ፥ ግማሹን ቅርፊት እንዳለ የጣሉላት እንደሆነ መልኩን ትለምድና የራሷን እንቁላል ሰብራ መብላት ትጀምራለች፤ እንዲህ ያለችውን ዶሮ ከአመሏ መመለስ አስቸጋሪ ነው፥ መጨረሻዋ ድስት ነው። ከእህሉ ጋር ሳይደባለቅ በገል ለብቻው ይቀመጥላት፥ የሚበቃትን ራሷ ታውቃለች። ለጫጩት ግን አይሰጥም፤ ካልሲየም ሲበዛባት ኩላሊቷን ይጎዳል። የሚሰጠው እንቁላል መጣል ከጀመረች ወዲህ ነው።

ወደ ማሳው ስንመጣ ጥንቃቄ ያሻል። በጮቄ ዙሪያ፥ በስናንና በማቻከል በኩል አፈሩ በዝናብ ብዛት እየታጠበ ኮምጥጦ ገብሱና ባቄላው እንቢ ማለቱ የታወቀ ነው። በኮመጠጠ አፈር ማዳበሪያው ቢጨመርም ፎስፈረሱ ከአፈሩ ብረትና አሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ይቀራል፥ አዝመራው አያገኘውም። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ታዲያ ቅርፊቱም ኖራ ከሆነ ለምን ኖራ እንገዛለን የሚል አይጠፋም። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ስለፈጀን ነገሩን በወረቀት አሰላነው። ለአንድ ሄክታር 2 ቶን ኖራ ይበቃል እንበል፤ ከዚያ የሚበልጥ የሚፈልግ መሬትም አለ። የአበሻ ዶሮ እንቁላል 40 ግራም ያህል፥ ቅርፊቱ 4 ግራም ያህል ቢሆን ለሄክታሩ 500,000 ቅርፊት ያስፈልጋል። ለአንድ ጥማድ ብቻ እንኳ፥ ሩብ ሄክታር ካልነው፥ 125,000 ነው። የዲማ ዶሮ ሁሉ ተሰብስቦ ቢጥል የሚሞላው አይመስለንም! የማን ማሳ ኖራ እንደሚፈልግ በግብርና ባለሙያ በኩል አፈሩ ተመርምሮ ይታወቅ፤ ቅርፊት ተማምኖ ኖራውን የተወ ሰው ዓመቱን በከንቱ ያሳልፋል።

ለጓሮ መደብ ግን ሒሳቡ ይመጣል። በዚያው ስሌት ለአንድ ካሬ ሜትር 50 ቅርፊት ነው። 2 ካሬ ሜትር የጎመን መደብ ያላት እናት 100 ትፈልጋለች። ዶሮ ወጥ በ12 እንቁላል ይሠራል አይደል? ስምንት ወጥ 96 ይሰጣል፤ በሁዳዴ 55 ቀን ባይሰባሰብም፥ ከፋሲካ እስከ ፋሲካ በጣሳ ብታጠራቅም ይደርሳል። ሲጨመር እንደ ዱቄት የደቀቀ ይሁን። ስባሪው እንዲህ በቶሎ አይሟሟም፤ በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ያለውን የሰጎን እንቁላል ያየ ሰው ቅርፊት ፀሐይና ዝናብ ምን ያህል እንደሚችል ያውቃል። ፍግን ግን አይተካም። የምድጃ አመድም የአፈርን ኮምጣጣነት ይቀንሳል፥ ከቅርፊቱም ፈጥኖ ይሠራል፤ አያቶቻችን ጓሮ ላይ ሲደፉት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ግማሽ ቅርፊት ታጥቦ፥ ሥሩ በመርፌ ተበስቶ፥ አፈርና ፍግ ተሞልቶበት የበርበሬ ወይም የቲማቲም ፍሬ ይዘራበታል። ችግኙ ሲነሣ ቅርፊቱን በእጅ ሰንጠቅ አድርጎ አብሮ መትከል ነው፥ ሥሩ አይናጋም።

የቀረው የዕቃ እጥበት ነው። እጅ የማይገባበት ብርሌና ጠርሙስ ውስጥ የተወቀጠ ቅርፊት፥ ትንሽ ሳሙናና ውሃ ጨምሮ ደኅና አድርጎ መናጥ ነው፤ የተጋገረውን አተላ ፍቆ ያወጣዋል። የዕድሩም ጠርሙሶች ለሚመጣው ስብሰባ በዚህ ዓይነት ቢታጠቡ ዕቃ ጠባቂያችን የሚቃወሙ አይመስለንም።